ጥንዚዛ ጨፍልቆ ቆዳ ላይ መቀባት፦ መድኃኒት ነው ወይስ ልጁን ላቃጥለው ነው?

የመንታ_እናት

ሰላም ለዚህ ቤት። የጤና ክፍሉን ሁልጊዜ አነባለሁ፣ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከመንታዎቹ አንዱ፣ አምስት ዓመቱ ነው፣ ሆዱና ብብቱ አካባቢ ጥቃቅን ፍሬ ወጥቶበታል። ያብለጨልጫል፣ መሃሉ ስርጉድ ያለ ነጥብ አለው፣ አያሳክከውም፣ አያመውም። ከጉልበቱ በላይ ደግሞ ክብ የሆነ፣ ዳር ዳሩ የሚላላጥ፣ የሚያሳክክ ጭርት የመሰለ ነገር አለ።

የባለቤቴ አክስት አይተውት «ይሄማ ቀላል ነው። ጥንዚዛ ፈልገሽ ጨፍልቀሽ ንኪው፤ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲፈርጥ ፍሬውም አብሮ ይሄዳል» አሉኝ። በልጅነታቸው ተደርጎላቸው የቆዳ ኪንታሮታቸው መጥፋቱን ይናገራሉ፤ የሚዋሹ ሰው ደግሞ አይደሉም። በጨዋታ መሃል ትል ቁስል እንደሚያጸዳ፣ ጉንዳን ቁስል እንደሚሰፋ፣ በረሮ ሳይቀር መድኃኒት እንደሆነ ጨመሩልኝ።

የሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ስለዚህ «ሐኪም ቤት ውሰጂው» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ። የፈለግኩት ከዚህ ሁሉ ውስጥ የቱ መሠረት እንዳለው ማወቅ ነው። እሳቸውን «የድሮ ወሬ ነው» ብዬ ላሳፍራቸው አልፈልግም፤ ልጄ ላይም ጥንዚዛ መጨፍለቅ አልፈልግም።

ጨዋታ_አዋቂ

ጥንዚዛዋን የጠየቃት አለ? ቁም ነገረኞቹ እስኪመጡ ቦታ ይዣለሁ።

ከመደርደሪያው_ጀርባ

እህቴ፣ ፋርማሲስት ነኝ። አክስት ያሉት ከአየር የመጣ ነገር አይደለም። የሚሉት ጥንዚዛ ውሃ የሚያቋጥረው ዓይነት ከሆነ፣ ደሙ ውስጥ ካንታሪዲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፒየር ሮቢኬ እ.ኤ.አ. በ1810 ለይቶ አውጥቶታል። ቆዳ ሲነካ በላይኛው ንብርብር ያሉትን ሴሎች እርስ በርስ አያይዞ የሚይዛቸውን ማሰሪያ ያስፈታል፤ ሴሎቹ ሲላቀቁ መሃሉ ውሃ ይሞላል። ውሃ የሚቋጥረው በላይኛው ንብርብር ውስጥ ብቻ ስለሆነ በአግባቡ ከተደረገ አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ አይተውም። የቆዳ ኪንታሮትም የሚኖረው እዚያው ንብርብር ላይ ነው፤ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። የአክስት ትዝታ እውነት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የልጅሽ ፍሬ፣ ሳላየው መፍረድ ባልችልም፣ በአገላለጽሽ ሞሉስከም የሚሉትን ይመስላል። ቫይረስ ያመጣዋል። የሚደንቀው ነገር፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ለሞሉስከም ያጸደቀው መድኃኒት ይኸው ካንታሪዲን ነው፤ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕፃናትም ጭምር።

አሁን ልዩነቱን ልብ በዪ። ያ መድኃኒት 0.7 በመቶ ተብሎ የተለካ ነው። የሚቀባው ባለሙያ ነው፣ ፍሬዋ ላይ ብቻ ያሳርፈዋል፣ በዙሪያዋ ያለውን ጤነኛ ቆዳ አይነካም፤ ከ24 ሰዓት በኋላ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ለቤት ተብሎ አይሰጥም። ጥንዚዛ ስትጨፈልቂ ግን ስንት እንደቀባሽ የሚነግርሽ የለም። የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ በነካበት እጁ ዓይኑን ማሸቱ፣ ጣቱን መጥባቱ አይቀርም። ካንታሪዲን በአፍ ከገባ ከአፍ እስከ አንጀት ያቃጥላል፣ ኩላሊት ያበላሻል፤ በጥቂት አሥር ሚሊግራሞች ሰው ሞቶበታል። ለዓይንም እንዲሁ አይመለስም።

ጭርቱ ላይ ከሆነ ጭራሽ አታስቢው። ጭርት ፈንገስ ነው፣ እየሰፋ ይሄዳል፤ ያን ሁሉ ስፋት ማቃጠል ለባክቴሪያ በር መክፈት ነው። ለአካል ጭርት ክሎትሪማዞል ወይም ተርቢናፊን ቅባት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይበቃዋል። የራስ ቅል ላይ ከወጣ ግን ቅባት አይደርስበትም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። የልጁን ጸጉር ገልጠሽ እዪው።

ስድስት_እግር

ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው ወንድማችን ኬሚስትሪውን ነግሮናል፤ እኔ ደግሞ የጥንዚዛዎቹን ነገር ልንገራችሁ፣ የተማርኩት ነፍሳትን ነው።

«ጥንዚዛ» ብሎ ነገር የለም። ስም የተሰጣቸው የጥንዚዛ ዝርያዎች ወደ 400,000 ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹን ብትጨፈልቂ ከቆሻሻ በቀር የምታገኚው የለም። ውሃ በሚያቋጥሩት ዘንድ እንኳ መርዙን የሚሠራው በዋናነት ወንዱ ነው። ሲራከብ ለሴቷ እንደ ጥሎሽ ይሰጣታል፣ እሷም እንቁላሎቿ እንዳይበሉ ትቀባቸዋለች። ስለዚህ ከአንድ ቅጠል ላይ ሁለት ጥንዚዛ ለቅመሽ አንዱ ምንም ላያደርግ፣ ሌላው ክንድ ሊያቃጥል ይችላል። ደርቆ ቢከርም መርዙ አይጠፋም፤ በድርቆሽ ውስጥ የሞቱ ጥንዚዛዎችን የበሉ ፈረሶች የሚሞቱት ለዚህ ነው።

ሁለተኛዋ የባሰች ናት። ጉንዳን የምትመስል፣ ቀጭን፣ ብርቱካናማና ጥቁር የተፈራረቀባት፣ ክንፏ አጭር የሆነ፣ ከሰባት እስከ አሥር ሚሊሜትር የምትሆን ጥንዚዛ አለች። ሳይንሳዊ ስሟ ፔደረስ ነው። አትነክስም፣ አትናደፍም። አንገትሽ ላይ ስታርፍ በጥፊ ካደቀቅሻት ግን ፔደሪን የተባለው ፈሳሿ ቆዳሽ ላይ ይቀራል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በእሳት የተለበለበ የመሰለ መስመር ይወጣል። ክርን ላይ ከሆነ ክንድ ሲታጠፍ ተቃራኒው ቆዳ ላይም ይታተማል። ይህን መርዝ ደግሞ ጥንዚዛዋ ራሷ አትሠራውም፤ ሆዷ ውስጥ በጥገኝነት የሚኖር ባክቴሪያ ነው የሚሠራላት። በስምንተኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈ የቻይና የመድኃኒት ጽሑፍ ውስጥ ንቅሳት ለማጥፋትና ለጭርት የታዘዘች ነፍሳት አለች፤ ተመራማሪዎች ከዚህችው ጋር ያያይዟታል። ንቅሳት የሚያጠፋ ነገር ልጅ ቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቢው።

ካረፈችባችሁ እፍ በሏት፤ አትምቷት። ከተደቀቀችም ቶሎ በሳሙና ታጠቡ።

ነባር_ሰው

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን በደስታ አነበብኩ። ነገር ግን «ድሮ» የተባለውን ሁሉ በአንድ አፍ ማጣጣል ልማድ ሆኗልና ጥቂት ልበል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ የተጻፈው የግብፆች የቀዶ ሕክምና ፓፒረስ ቁስልን በማርና በስብ አርሶ በጨርቅ መሸፈን ያዛል። ያን ጊዜ ባክቴሪያ የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ቁስሉ ግን ይድን ነበር። ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅና ሶርያ የዘመተው ሐኪም ላሬ በወታደሮች ቁስል ላይ የወደቁ ትሎች የበሰበሰውን ሥጋ ብቻ እንደሚበሉና መዳንን እንደሚያፋጥኑ ጽፏል። ይህ ሁሉ የታወቀው በቤተ ሙከራ አይደለም፤ በዓይን ነው።

ከሰው ወዲያ ልጨምር። ጋቦን ውስጥ በሎአንጎ ብሔራዊ ፓርክ የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች በራሪ ነፍሳት ይዘው፣ በከንፈራቸው ጨምቀው፣ ቁስላቸው ላይ ሲያደርጉ ታይተዋል። እናት ለልጇ፣ አንዱ ለሌላውም ያደርጋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ተከታትለው በ2022 በሳይንስ መጽሔት አውጥተውታል። እንግዲህ ቺምፓንዚውን ማን አስተማረው? አክስት የሚያውቁት ነገር ከእኛ ዕድሜ በላይ የቆየ ሊሆን ይችላልና በትሕትና ይታይ ነው የምለው።

ማስረጃ_አምጡ

አባቴ፣ በአክብሮት ነው፤ የቺምፓንዚዎቹን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ነፍሳቷ የትኛዋ እንደሆነች በእርግጠኝነት አልተለየችም፤ የተቀባው ቁስል ካልተቀባው ቀድሞ ዳነ የሚል ነገርም የለበትም። ማድረጋቸው ታይቷል፣ መጥቀሙ አልታየም። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ሞሉስከም ምንም ሳይደረግለት አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ስምንት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ኪንታሮትም ልጆች ላይ በራሱ መጥፋት ልማዱ ነው። እና በስድስተኛው ወር ጥንዚዛ የቀባ ሰው በሰባተኛው ወር ማንን ያመሰግናል? ጥንዚዛዋን። ያልጠፋለት ሰው ግን ታሪኩን ለልጅ ልጁ አይነግርም።

ትሉንም በተመለከተ እውነቱ ይነገር። እንግሊዝ ውስጥ 267 የእግር ቁስል ያለባቸውን ሰዎች ያሳተፈ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ከሦስት ሁለቱ እጅ ትል፣ የቀረው አንድ እጅ የተለመደውን ጄል ተደረገላቸው። ትሉ የሞተውን ሥጋ በፍጥነት አጸዳ፣ ይህ እውነት ነው። ቁስሉ ግን ቀድሞ አልዳነም፤ መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በማጥፋትም ልዩነት አልታየም፤ ሕመሙ ደግሞ በትሎቹ በኩል በረታ። «ትል ኢንፌክሽን ይፈውሳል» ብላችሁ የምትጽፉ ሰዎች ይህን ለምን ትዘላላችሁ?

ሲስተር_ፋሻ

ማስረጃ አምጡ ያልከው ትክክል ነው፤ ግን ከእሱ ሌላ መደምደሚያ ማውጣት ይቻላል። እኔ የቆዩ ቁስሎችን የማክም ነርስ ነኝ፤ የስኳር ሕመምተኛ እግር፣ በመኝታ ብዛት የተላጠ ጀርባ፣ ወራት ያስቆጠረ የቅልጥም ቁስል። እንዲህ ያለ ቁስል ላይ ትልቁ ጠላት የሞተው ሥጋ ነው። ባክቴሪያው እዚያ ውስጥ ይደበቃል፣ አንቲባዮቲክ ደም በማይደርስበት ቦታ አይደርስም፣ አዲስ ሥጋም በበሰበሰው ላይ አይበቅልም። ስለዚህ «ማጽዳት ብቻ ነው የሠራው» ሲባል እኔ «ብቻ» የሚለውን ቃል አልቀበለውም። በቢላዋ ቢጸዳ ይቆርጣል፣ ያደማል፤ ቀዶ ሕክምናን የማይችሉ ሕመምተኞችም አሉ። ትሉ ግን ሚሊሜትር በሚሊሜትር የሞተውን ከሕያው ይለያል።

የሚሠራበት መንገድ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ ጥርስ የለውም። ከአፉ ሥጋ የሚያሟሟ ፈሳሽ ይለቃል፣ የሞተው ሲቀልጥ መልሶ ይመጠዋል፤ አብረው የገቡት ባክቴሪያዎች ሆዱ ውስጥ ይሞታሉ። ፈሳሹ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል ነገርም አለ፤ ሉሲፈንሲን የተባለው እ.ኤ.አ. በ2010 ተለይቷል፣ በተለይ እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉትን ያጠቃል። ግን ይህ በብልቃጥ ውስጥ ነው፤ በሰው ቁስል ላይ እንደ አንቲባዮቲክ ሊቆጠር አይችልም። እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።

ታሪኩን ነባር ሰው ጀምረውታል፣ እኔ ልቀጥለው፤ መሃሉ ላይ ትምህርት ያለው ነገር አለና። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ዊልያም ቤር በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ የጭን አጥንታቸው ተሰብሮ ሆዳቸው የተቀደደ፣ ሰባት ቀን ያለ ምግብና ውሃ ሜዳ ላይ ወድቀው የቆዩ ሁለት ወታደሮች መጡለት። ትኩሳት የላቸውም። ልብሳቸው ሲገለጥ ቁስላቸው በሺዎች በሚቆጠሩ ትሎች ተሞልቷል፤ ትሎቹ ሲጠረጉ ከሥር የተገኘው መግል አልነበረም፣ ቀይና ጤነኛ ሥጋ ነበር። ከዓመታት በኋላ በጆንስ ሆፕኪንስ አጥንታቸው ባመረቀዘ ሕፃናት ላይ ሞከረው፣ ሠራ። ከዚያ ግን አንዳንድ ሕመምተኞቹ በቴታነስ ተያዙ። ትሎቹ ከውጭ ይዘውት መጡ። ቤር የዝንቧን እንቁላል ከጀርም ማጽዳት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ጽሑፉ በሞተበት ዓመት፣ በ1931 ወጣ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ከ300 በላይ ሆስፒታሎች ትል ይጠቀሙ ነበር። ፔኒሲሊን ሲመጣ ተረሳ። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ሲበዙ ተመልሶ ተፈለገ፤ በ2004 በአሜሪካ እንደ ሕክምና መሣሪያ ተፈቀደ፣ በእንግሊዝም በዚያው ዓመት በሐኪም ትእዛዝ መሰጠት ጀመረ።

አሁን በተግባር ሲሠራ እንዲህ ነው፦ ከተጸዳ እንቁላል የተፈለፈሉ እጮች፣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከአምስት እስከ አሥር፣ ቁስሉ ላይ ይደረጋሉ፤ በወንፊት ጨርቅ ይሸፈናሉ ወይም በቀጭን ከረጢት ታሽገው ይመጣሉ። ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ጠግበው ይነሳሉ። ከበድ ያለ ደም ሥር አጠገብ፣ ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ ደም የማቅጠኛ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ያለ ጥንቃቄ አይደረግም። አንዳንዱ ሕመምተኛ ሲላወሱበት ይሰማዋል፤ ያን ሰው ማታ ማታ የሚያጽናናው ማን እንደሆነ ማንም ጥናት አይጽፍም።

ዝንብ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ደግሞ ጠንቅቃችሁ እወቁ። ለሕክምና የምታገለግለው አረንጓዴ የምታብለጨልጨዋ ሉሲሊያ ሴሪካታ ናት። ስክሩወርም የሚባለው ዝንብ ትል ግን ሕያው ሥጋ ነው የሚበላው፣ ሰው ይገድላል። ያቺው ሉሲሊያ እንኳ በጎች ላይ ስትወድቅ ሕያው ቆዳቸውን ታቆስላለች። ቁስል ገልጦ ዝንብ እንዲያርፍበት መጠበቅ ሕክምና አይደለም።

ጨዋታ_አዋቂ

ምሳ እየበላሁ ነበር። አመሰግናለሁ ሲስተር።

ፈጣን_መፍትሔ

ከመደርደሪያው ጀርባ ላለኸው፦ ያንን 0.7 በመቶ በቤት ለማውጣት ጥንዚዛውን በምን ነው የሚዘፈዝፉት? አልኮል ይሆናል? እኔ እግሬ ላይ ያስቸገረኝ ኪንታሮት አለ፣ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ እችለዋለሁ።

አወያይ

ለዚህ ጥያቄ እዚህ መልስ አይሰጥም። የመጣም መልስ ይነሳል፤ አንድ ቀድሞ ተነስቷል። ውይይቱ ይቀጥል።

ከመደርደሪያው_ጀርባ

አወያዩ ልክ ነው፣ እኔም አልመልሰውም። ለእግር ኪንታሮት ሳሊሲሊክ አሲድ ያለ ሐኪም ወረቀት ይገኛል። በሞቀ ውሃ ዘፍዝፈህ፣ የሞተውን ቆዳ ፍቀህ በየቀኑ ትቀባለህ፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። የስኳር ሕመም ካለብህ ግን እግርህን ራስህ እንዳትነካካ።

ቀፎ_ጠባቂ

ከነፍሳት ሁሉ ንብን ረስታችሁ ትልና ጥንዚዛ ላይ መዋላችሁ አሳዝኖኛል። ማር በዚህ ውይይት ከተነሳው ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነው።

ማር ውስጥ ውሃው ከ20 በመቶ በታች ነው፤ ባክቴሪያ ሲገባበት ውሃውን ተመጦ ይሞታል። ኮምጣጣም ነው። ንቧ ደግሞ ከራሷ የምትጨምርበት ኢንዛይም አለ፤ ማሩ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ያ ኢንዛይም ይነቃና ቀስ በቀስ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ቁስል ማጠቢያው ራሱ ማለት ነው፣ ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ ሥጋውን ሳያቃጥል። ማኑካ የሚባለው ማር በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ሜቲልግላዮክሳል የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት አለበት።

እሳት ላይ የተጣደ ማር ግን ለቁስል አይሆንም፤ ኢንዛይሙ በሙቀት ይሞታል። ሱቅ ውስጥ ጥርት ብሎ የሚያብረቀርቀው ብዙ ጊዜ የሞቀ ነው። ይህን ስናገር ነጋዴዎች ይቆጡኛል።

ማስረጃ_አምጡ

ለማር እኔም አልጨክንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ (ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝን ነው) ማር ቀለል ያለ ቃጠሎን ከተለመደው ፋሻ በፊት እንደሚያድን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዘ ቁስልንም እንደሚረዳ አስቀምጧል። ግን እዚያው ግምገማ ላይ ቁንጭር፣ ማለትም በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የቆዳ ቁስል፣ አለ፦ ከመደበኛው መርፌ ጋር ማር የተደረገላቸው የቁንጭር ሕመምተኞች መዳናቸው ሊዘገይ ይችላል ይላል። ለብዙው ሌላ ቁስል ማስረጃው ደካማ ነው። «ማር ለሁሉም» የሚለው አባባል ላይ ነው ጠቤ።

ሲስተር_ፋሻ

አንድ ነገር ልጨምር። ሆስፒታል የሚገባው የሕክምና ማር በጋማ ጨረር የጸዳ ነው፤ ከቀፎ የወጣ ማር የቦቱሊዝም (ሰውነት የሚያሽመደምድ የባክቴሪያ መርዝ) ዘር ሊኖርበት ስለሚችል ጥልቅ ቁስል ውስጥ አይገባም። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ በአፉ ፈጽሞ አይሰጥም። ፕሮፖሊስም፣ የንቧ ሙጫ፣ ባክቴሪያ ይገድላል ተብሎ ይሸጣል፤ ነገር ግን ቆዳን በአለርጂ ከሚያስቆጡ የታወቁ ነገሮች አንዱ ነው። ችፌ ያለበት ሰው ቀብቶ ብሶበት ሲመጣ አይቻለሁ፤ ኢንፌክሽኑ የባሰ መስሎት ደግሞ ጨምሮ ቀብቷል።

የመንታ_እናት

እናንተ ሰዎች ተባረኩ። ጉንዳኑና በረሮውስ? አክስት ይጠይቁኛል።

ስድስት_እግር

ጉንዳኑ እውነት ነው፣ ግን የኢንፌክሽን መድኃኒት አይደለም፣ ስፌት ነው። የቁስሉን ሁለት ከንፈር ገጥመሽ ትልቅ መንጋጋ ያለውን ጉንዳን ታስነክሺዋለሽ፤ ሲይዝ አካሉን ቆርጠሽ ትጥያለሽ፣ ጭንቅላቱ እንደ ቆንጣጭ ይቀራል። የሕንዱ ሱሽሩታ ለተቀደደ አንጀት ጽፎታል፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበረው አል ዘህራዊም ያነሳዋል። ብልሃቱ ድንቅ ነው። ያመረቀዘ ቁስል ግን በምንም ቢሆን መዘጋት የለበትም፤ መግሉን ከውስጥ ትቆልፊበታለሽ።

በረሮ ላይ ቻይናዎች ሩቅ ሄደዋል። ከአሜሪካ በረሮ የተጨመቀ ካንግፉሺን የሚባል ፈሳሽ በሆስፒታሎቻቸው ለቁስልና ለቃጠሎ ይሰጣል። በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2010 ከበረሮ አንጎል የወጡ ንጥረ ነገሮች መድኃኒት የተላመደ ስታፊሎኮከስን በቤተ ሙከራ እንደገደሉ ተነግሮ ነበር።

ለምን ይሆናል ካላችሁ፣ ይህ እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ነገር ነው። ነፍሳት እንደ እኛ ፀረ እንግዳ አካል አይሠሩም። በቆሻሻ ውስጥ እየኖሩ የማይሞቱት ሰውነታቸው ባክቴሪያን የሚበሱ አጫጭር ፕሮቲኖችን ስለሚያመነጭ ነው። ስዊድናዊው ሃንስ ቦማን እና ባልደረቦቹ በ1981 ከአንዲት ትልቅ የእሳት ራት ሙሽሬ ሴክሮፒን የተባለውን ለይተው አወጡ። ዩል ሆፍማን ደግሞ የፍራፍሬ ዝንብ ፈንገስን የምትከላከልበትን በር አግኝቶ በ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ማለትም ሀብቱ አለ። ግን ሀብቱ ያለው በነፍሳቷ ደም ውስጥ ነው፣ በተጨፈለቀው ሆዷና በእግሯ ላይ ደግሞ ከመጸዳጃ ቤት ያመጣችው ነገር አለ። ስትጨፈልቂያት ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምትቀቢው።

ነባር_ሰው

ስድስት እግር ልጄ፣ ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ አክስት ቢሰሙት አይቆጡም። እኔ ግን አሁንም እላለሁ፦ ሆፍማንና ቦማን ወደ ነፍሳት ዞር ያሉት ሰው ሁሉ ሲንቅ ነው። ማስረጃ አምጡ፣ ማስረጃው የሚመጣው አንድ ሰው መጀመሪያ አክስቲቱን በቁም ነገር ሲያዳምጥ ነው።

ማስረጃ_አምጡ

ማዳመጥ ላይ አልተጣላንም አባቴ። መቀባት ላይ ነው።

ዝምተኛ_አንባቢ

የሸረሪት ድርስ? ደም ያቆማል፣ ቁስል አያመረቅዝም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ስድስት_እግር

ሸረሪት ነፍሳት አይደለችም፣ ስምንት እግር ነው ያላት፤ ከውይይቱ እናስወጣት። ግን በአጭሩ፦ ድሩ ደም እንዲረጋ መያዣ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያ ይገድላል የሚለው በጥንቃቄ ሲፈተሽ አልጸናም። ከግድግዳ ጥግ የተጠራረገ ድር ደግሞ አቧራ ነው፣ በአቧራ ውስጥ የቴታነስ ዘር አለ።

የመንታ_እናት

ተመልሻለሁ። ቀጠሮው ደርሶ ሄድን። ፍሬው ሞሉስከም ነው ተባልን። የቆዳ ሐኪሟ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነና ስለማያስጨንቀው «እንተወው፣ በራሱ ይሄዳል፤ ከበዛ ወይም ከቀላ ተመለሱ» አለችን። ፎጣ ከመንታው ጋር እንዳይጋራ፣ እንዳያክከው። ጭርቱ ጭርት ነው፣ ክሎትሪማዞል ሰጠችን።

አክስትን የፋርማሲስቱን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። «ታዲያ እኔ ያልኩት አይደል?» አሉ። «መጠኑን ነው ያላወቁት እንጂ ነገሩን አውቀውታል» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ቀጥለው ግን «ሐኪሟ ከጥንዚዛው ካላት ለምን አልቀባችውም?» ብለው ያዙኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ጎረቤት «ይሄ ይፈጥናል» ብላ ሌላ ቱቦ ሰጠችኝ። ላዩ ላይ ቤታሜታዞን እና ክሎትሪማዞል ይላል። ልቀባው?

ከመደርደሪያው_ጀርባ

አትቀቢው! ቤታሜታዞን ብርቱ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን ብግነትና መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ነው። መቅላቱንና ማሳከኩን በሁለት ቀን ያጠፋልሻል፣ ፈንገሱ ግን የቆዳው መከላከያ ስለተዳከመ ከሥር ይሰፋል፤ መልኩም ተቀይሮ ለሐኪሟ ጭርት መሆኑ ይጠፋባታል። ሞሉስከሙ ላይ ከነካም ፍሬውን ሊያበዛው ይችላል። ሐኪሟ የሰጠችሽን ብቻ፣ ከቀለበቱ ጠርዝ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል አልፈሽ ጤነኛ የሚመስለው ቆዳ ላይ ጭምር ቀቢ። ጠፋ ብለሽ አታቋርጪ፣ የታዘዘልሽን ሳምንት ጨርሺ።

ለአክስት ጥያቄ መልሱ፦ ሕክምናው ራሱ ውሃ ያስቋጥራል፣ ያማል። በራሱ ለሚሄድ ጥቂት ፍሬ ልጁን ማሳመም አላስፈለጋትም። በዝቶ ቢሆን ኖሮ ትቀባው ይሆናል።

ሲስተር_ፋሻ

ሞሉስከሙ ከመጥፋቱ በፊት አንዳንዱ ፍሬ ሊቀላና ሊያብጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ቫይረሱን እያወቀው መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ አትደንግጪ። ነገር ግን ቅላቱ ከፍሬው አልፎ ከተስፋፋ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይም ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ በዚያው ቀን ይታይ።

የመንታ_እናት

እሺ፣ ቱቦውን መልሼላታለሁ። ከቀለበቱ አልፎ መቀባት እንዳለበት አላወቅኩም ነበር፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እንደዚያ አደርጋለሁ። ሁለተኛው መንታ ላይ ክንዱ ሥር አንድ ፍሬ አይቻለሁ፤ እሱንም ይዤው ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?

ሲስተር_ፋሻ

አንድ ከሆነ ጠብቂ። የዓይን ሽፋን ላይ ከወጣ ግን አትጠብቂ።